የእኔን ሌብነት ያሸከምኩት ሰው

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። እሳቸው መስቀሉን ይዘው «ሌላስ የቀረህ የለም?» ባሉኝ ቁጥር «የለም አባቴ» እላለሁ። የለም እያልኩ የኖርኩትን ነው ዛሬ ለእናንተ የምናገረው። እስክጨርሰው ድረስ ባትፈርዱብኝ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ወደዳችሁ።

በሬ ሰርቄ ታስሬያለሁ። ርቦኝ አልነበረም፤ ደራ ውስጥ ያለው የአባቴ ቤት ሙሉ ነበር። ጎረምሳ ነበርኩ፣ የሰው ከብት ዓይኔ ገባ፣ ከመስክ ነድቼ ወሰድኩት። አንበሳሜ ገበያ ላይ ልሸጠው ስደራደር ባለቤቱ ደረሰብኝ። ደብረ ታቦር ወህኒ ገባሁ።

በዚያ ዘመን እስረኛ የሚበላው ከቤቱ የሚመጣለትን ነበር። የእኔ ቤት በኀፍረት ፊቱን አዞረብኝ። አባቴ «እኔ ሌባ አልወለድኩም» አለ አሉ። እግሬን በአንድ ሰንሰለት ያቆራኙኝ ዘለቀ ከሚባል ሰው ጋር ነው፤ ከጣራ ገዳም ሥር የመጣ ገበሬ፣ በድንበር ጠብ የጎረቤቱን ክንድ በዱላ ሰብሮ የታሰረ። እናቱ እማማ ጥሩዬ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው እየመጡ ስንቅ ያቀብሉታል። ዘለቀ አገልግሉን ሲከፍት መጀመሪያ የሚቆርሰው ለእኔ ነበር። ንዳድ ሲጥለኝ ጋቢውን ያለበሰኝ እሱ ነው። እናቱም ይህን ካዩ በኋላ ስንቁን ለሁለት ሰው አድርገው ያመጡ ጀመር። «አንተም ልጄ ነህ» ይሉኝ ነበር።

ስፈታ ወደ ደራ አልተመለስኩም። ማንም የማያውቀኝ ወረታ ገባሁና «ቆላ ወርጄ ስነግድ ኖሬ ነው» አልኩ። አቶ ደምሌ የሚባሉ የእህል ነጋዴ ለመጋዘናቸው ታማኝ ሰው ይፈልጉ ነበር። በሩ ላይ አቁመው አዩኝ።

«ታስረህ ታውቃለህ?»

«ማርያምን! የወህኒ ደጅ ረግጬ አላውቅም።»

ቁልፉን ሰጡኝ። ደስ አለኝ? አላለኝም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ፈራሁ። በገበያ ቀን ከደራ በኩል የሚመጣው ሁሉ የሚያውቀኝ ይመስለኛል። ሌባ የሚይዘው ነጭ ለባሽ በመጋዘኑ በር ሲያልፍ ከእህሉ ጆንያ ጀርባ እገባለሁ። ይታይሽን አገባሁ፤ ለእሷም አልነገርኳትም። ልጅ ወለድን። ላጣው የምችለው ነገር በበዛ ቁጥር ፍርሃቴም አብሮ በዛ።

ከሜዳው ውሃው ሸሽቶ፣ የተዘራው ሽምብራ በደረሰበት በጋ፣ አቶ ደምሌ ተጨማሪ ሰው ፈለጉ። ሥራ ሊጠይቅ የመጣው ዘለቀ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ሳየው የያዝኩት ቁና ከእጄ ወደቀ። እሱም አየኝ፤ ፊቱ በራ። ወዲያው ግን ድንጋጤዬን አይቶ መሰለኝ፣ እንደማያውቀኝ ሆኖ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ። እዚያው እግሩ ላይ ልወድቅለት በተገባኝ።

አቶ ደምሌ ለእኔ ያቀረቡትን ጥያቄ ለእሱም አቀረቡለት።

«አዎ ጌታዬ፣ ታስሬያለሁ» አለ ዘለቀ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «በድንበር ተጣልቼ ሰው መታሁ፣ ክንዱን ሰበርኩ። ቅጣቴን ጨርሻለሁ፤ ከሰውየውም ጋር ታርቀናል። ኋላ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔው ይስሙት ብዬ ነው።»

እኔ ከሚስቴ ጋር አንድ መኝታ ላይ እየተኛሁ ማውጣት ያቃተኝን ቃል እሱ በማያውቀው ሰው ፊት አወጣው።

አቶ ደምሌ አዩት። ከዚያ ሳቅ አሉ። «እውነቱን የሚነግረኝ ሰው አልጠላም» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «የሚውለው ካንተ ጋር ነው። አንተ ምን ትላለህ?»

«ይግባ ጌታዬ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ምን ከበደኝ? እኔ ግን የታየኝ በየቀኑ አጠገቤ ሲውል ነው። አንድ ቀን ተጣልተን ሊናገር፣ አንድ ቀን ጠላ ጠጥቶ ሊያመልጠው። አፌ ተከፈተ።

«እኔ የሰማሁት ሌላ ነው ጌታዬ። ይህ ሰው የታሰረው በጠብ አይደለም። የሰው በሬ ነድቶ አንበሳሜ ገበያ ላይ ነው የተያዘው።»

የራሴን በደል ከነገበያው አንሥቼ እሱ ላይ ጫንኩት። አዲስ ውሸት ለመፍጠር እንኳ አልደከምኩም።

ዘለቀ ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። አንድ ቃል ቢተነፍስ አልቆልኝ ነበር። ጠበቅሁ። እሱ ግን ከበስተኋላዬ ምሳ ይዛ፣ ልጃችንን አዝላ የቆመችውን ይታይሽን ተመለከተ። ዓይኑ ከእሷ ወደ እኔ ተመለሰ።

«እንግዲህ ስለ እኔ ሰማሁ የሚል ሰው እንዲህ ካለ፣ እኔ ምን እላለሁ» አለና ሄደ።

አቶ ደምሌ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ከጉድ አወጣኸኝ» አሉኝ።

ስሙ እሱን ቀድሞት መንደሩ ደረሰ። ሰው በከብቱ በሚኖርበት አገር የበሬ ሌባ ከመባል የባሰ ምን አለ? ወይፈን የጠፋበት ሁሉ መጀመሪያ የዘለቀን ደጅ ያንኳኳ ጀመር።

በዓመቱ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት፣ አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው ከመጋዘኑ በር ቆሙ። እማማ ጥሩዬ ነበሩ።

«ልጄ! አንተው ነህ?» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «ወረታ አለ ቢሉኝ አንተን ብዬ ነው የመጣሁ። ልጄን በሬ ሌባ አሉት። የእጮኛው አባት ቃሉን ሊያፈርስ ነው። በምን እንደታሰረ አንተ ታውቃለህ፤ ሽማግሌ ፊት ቀርበህ መስክርለት።»

ከአነጋገራቸው ገባኝ። ስሙን ማን እንዳጠፋው ዘለቀ ለእናቱ እንኳ አልነገረም።

አቶ ደምሌ ከውስጥ «ማነው?» አሉ።

«ተሳስተዋል እማማ። እኔ አላውቅዎትም» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ አቶ ደምሌ እንዲሰሙ።

ፊቴን ትክ ብለው መረመሩት። «ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ። ይቅር በለኝ ልጄ» አሉ። እሳቸው እኔን! ወደ ገበያው ሕዝብ ገብተው እስኪጠፉ ድረስ ቆሜ አየኋቸው። አልጠራኋቸውም።

ሠርጉ ቀረ። ዘለቀ ወደ ሑመራ ቆላ ወረደ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። እናቱም ልጃቸውን ሳያዩ አረፉ። እኔ ቁልፉን እንደያዝኩ ሸበትኩ። ዛሬ ሰው በከብት ሲካሰስ ለሽምግልና የሚጠራው እኔን ነው፤ «እሱ አያዳላም፣ እጁም ንጹሕ ነው» ይላሉ። ተቀምጬ እፈርዳለሁ። እየፈረድኩ፣ አንድ ሰው ከሕዝቡ መካከል ተነሥቶ በጣቱ ይጠቁመኛል ብዬ እፈራለሁ። ማን ሊነሣ? ዘለቀም እናቱም የሉም። ግን እፈራለሁ።

ፈርቼ ነው ያደረግሁት እንዳልል፣ ዘለቀም ፈርቶ ነበር፤ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጅ ነበረኝ እንዳልል፣ እሱም የእናት ልጅ ነበር። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ከእኔ ያዙልኝ። ከጣራ ገዳም ሥር የመጣው ዘለቀ የማንንም በሬ አልሰረቀም። ሌባው እኔ ነኝ።