ትርሲትና የካቡ አይጥ

ትርሲት ወረታ ከተማ ዳር፣ የፎገራ ሜዳ ከሚጀምርበት ላይ ሸክላ እየሠራች የምትኖር ሴት ናት። እጇ የተመሰገነ ነው፤ አፏ ግን ለማንም አይመለስም። ሩዝ አምራቾቹ እሷ ዘንድ የሚመጡት ለአይጥ ገንቦ ነው። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ፣ ውስጡ በጠጠር ታሽቶ የሚያዳልጥ ገንቦ ትሠራለች። ገበሬው አውድማው ዳር እስከ አፉ ይቀብረውና ውሃ ይጨምርበታል፤ ላዩ ላይ የሩዝ እብቅ ይነሰንስበታል። አይጥ እብቁ መሬት መስሏት ትዘላለች፤ መውጫ የላትም።

ትርሲት ገንቦ ሳትሞክር አትሸጥም። ባለፈው ኅዳር ለአያ ዘሩ የሠራችውን ከቤቷ ጀርባ ካለው የድንጋይ ካብ ሥር ቀበረችው። ምን ነክቷት እንደሆነ እንጃ። የሩዝ አይጥ ካብ ውስጥ ምን ትሠራለች? ጠዋት ሰምጣ ያገኘቻት ቀላ ያለች፣ የጀርባዋ ፀጉር እንደ እሾህ የቆመ፣ በድንጋይ መካከል የምትኖር አይጥ ነበረች። የማንንም እህል አልነካችም። ጡቶቿ ወተት ቋጥረዋል።

ትርሲት ካቡን ፈነቃቀለች። ሦስት ልጆች አገኘች። የቤት አይጥ ልጅ ስትወለድ ራቁቷን፣ ቀይ፣ ዓይኗ የተከደነ ነው። ዓይኗ እስኪገለጥ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ያኔ ጥሬ መቆርጠም ትጀምራለች። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይሄን ነው። እነዚህ ግን ግራጫ ፀጉር ለብሰዋል፣ ጆሯቸው ቆሟል፣ ዓይናቸው ፈጥጦ ያያታል። «አድገዋል፤ ራሳቸውን ይችላሉ» አለችና እፍኝ ሩዝ በትናላቸው ወደ ጭቃዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ሁለቱ ቀዝቅዘው ሞተዋል። አንዷን ገልበጥ ስታደርጋት እትብቷ ገና አልወደቀም። ቢበዛ ከተወለዱ አንድ ሁለት ቀን ቢሆናቸው ነው። ይህች አይነቷ አይጥ ልጆቿን ፀጉራቸውን አብቅላ፣ ዓይናቸውን አብርታ እንደምትወልድ ትርሲት ያን ጊዜ ገባት። ማየት ይችላሉ፤ ካለ ወተት ግን መኖር አይችሉም ነበር። ካቡ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። ለአይጥ ማልቀሷ ራሷን አናደዳት። ግን እናትየዋን ገድላ ልጆቹን በረሃብ የፈጀች እሷ ናት፤ ማን ላይ ታላክከው?

የተረፈችውን ወደ ቤት አስገባቻት። ሌላ ገንቦ ውስጥ ጥጥ አንጥፋ የምድጃው ሙቀት ከሚደርስበት አስቀመጠቻት። የፍየል ወተት ለብ ባለ ውሃ እያቀጠነች በጥጥ ጫፍ ጠብ ጠብ ታደርግላታለች፤ ከበዛ በአፍንጫዋ ይወጣል። ከጠባች በኋላ፣ እናቷ በምላሷ ታደርግላት እንደነበረው፣ ሆዷን በእርጥብ ጨርቅ ታሽላታለች፤ ያለዚያ ሽንቷ አይወርድላትም። ሳምንት ሲሞላት ፍርፋሪ መቆርጠም ጀመረች። እያደገች ስትሄድ ለስላሳው የጀርባዋ ፀጉር ይሻክር ጀመር። ትርሲት ገንቦው አፍ ላይ ብቅ ስትል አይጧ በኋላ እግሯ ትቆምላታለች።

ትርሲት ይህን ለማንም አልተነፈሰችም። ሰው የሚለውን ታውቃለች፦ ወጥመዷ እንዲሸጥላት አይጥ ታረባለች ይላል። ድሮም የሸክላ ሠሪ ዓይን የሚፈራ ከሰፈሩ አይጠፋም። እንጀራዋ ደግሞ ገንቦው ነው።

አንድ ቀን አያ ዘሩ ገንቧቸውን ሊወስዱ ድንገት መጡ። ቃላቸው የሚሰማ ትልቅ ገበሬ ናቸው። ምድጃው አጠገብ ያለውን ገንቦ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ፊታቸው ፈካ።

«ካለ ውሃም ይይዛል ለካ» አሉ። «መውጣት አቅቷት ቆማለች እኮ። እጅሽ ይባረክ።»

«የእርስዎ ገንቦ ጓሮ ነው ያለው፤ ላምጣልዎ አያ ዘሩ።»

«ተይው፤ ይሄው ይሻለኛል። ሥራውን በዓይኔ አየሁት። ውሃ ስጪኝማ፣ እዚሁ እንጨርሳት። ያገሩ ሰው ሁሉ ካንቺ እንዲገዛ እኔ እነግረዋለሁ።»

ትርሲት በጣሳ ውሃ ቀድታ መጣች። ለስሟ ፈርታ ነበር። ጣሳውን ገንቦው አፍ ላይ ስታደርሰው አይጧ ወተት የመጣላት መስሏት ተነሥታ ቆመች፤ አፏን ወደ ላይ አንጋጠጠች።

ትርሲት ውሃውን ደጅ ደፋችው።

«ያሳደግኋት እኔ ነኝ» አለች።

አያ ዘሩ መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። ከዚያ ጥጡን አዩ፤ ወተት ያለበትን ሲኒ አዩ።

«አይጥ እያሳደግሽ ነው ወጥመድ የምትሸጪልን?»

«እናቷን በእርስዎ ገንቦ ገድዬባታለሁ። እህቶቿንም ያደጉ መስለውኝ በረሃብ ፈጅቻቸዋለሁ። እሷን አልደግማትም።»

አያ ዘሩ ገንቧቸውን ሳይወስዱ፣ ደኅና ዋይም ሳይሉ ወጡ።

በገበያው ቀን ትርሲት ገንቦዎቿን ደርድራ እስኪመሽ ተቀመጠች። ሰው ሲያያት መንገዱን ቀይሮ በወዲያ በኩል ያልፋል። ይዛ የወጣችውን ሁሉ ተሸክማ ተመለሰች። የሚቆጫት ግን ገበያዋ አልነበረም። ውሃ አምጪ ስትባል እሺ ብላ ቀድታ መምጣቷ ነበር።