አሜሪካዊውን ያስቆሙት አባት

ዛሬ ቡሬ መድረክ ላይ ንግግሬን ሳልጨርስ፣ ከተመልካቹ መሀል «በሕግ አምላክ!» የሚል ድምፅ አስቆመኝ።

በትያትሩ የምጫወተው አንድ አሜሪካዊ የምርጫ አማካሪን ነው፤ ሰውየው ዕጩዎችን የሚያስመርጥበት መንገድ ብዙ ነው። (ክራባቱ ወንድሜ የተሞሸረበት ነው፤ አሜሪካዊነቴም እዚያው ላይ ያበቃል።)

የተፎካካሪያችንን ስም የሚያጠፋ ወሬ ለሠራተኞቼ እያደልኩ ነበር። «እውነት ባይሆንም ግድ የለም፤ ብቻ ቶሎ ይዳረስ» ስል ነው ድምፁ የመጣው።

እኛ አገር በሕግ አምላክ ከተባለ ማንም እግሩን አያነሣም። ትያትር መሆኑን እያወቅሁ ቆምኩ። አብረውኝ የሚጫወቱትም ቆሙ።

ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ከወንበራቸው ተነሥተዋል። ሰው ሣቀ። አዘጋጃችን ጠጋ ብሎ «አባቴ፣ ትያትር እኮ ነው፤ ይቀመጡ» አላቸው።

«ትያትር መሆኑንማ አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «የእኔን ልጅ በሐሰት ወሬ ነው ያስገደሉብኝ። ያኔ ገበያው ሁሉ ወሬውን ሲቀባበል፣ በሕግ አምላክ ያለ አንድ ሰው አልነበረም።»

ሣቁ ጠፋ።

እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡና «በሉ ቀጥሉ» አሉን።

ቀጠልን። ምን እናድርግ፣ ድርሰቱ ላይ ወሬው ይሠራል፤ አሜሪካዊው ያሸንፋል። ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። እኔም እጅ ሳልነሣ ወረድኩ።

እናንተ ባላችሁበት፣ ሰው በሌለበት ስሙ ሲጠፋ በሕግ አምላክ ብሎ ያስቆመ ገጥሟችሁ ያውቃል? ካለ እዚህ ጻፉልኝ። ነገ እኚያን አባት ቤታቸው ሄጄ ልጠይቃቸው ነው፤ የምነግራቸው አንድ ሰው እንኳ ባገኝ ብዬ ነው።