ያልተሳበ አፍንጫ

ዛሬ ደብረ ብርሃን፣ ጎረቤቴ ጨቅላ ልጇን ስታሽ ለጋ ቅቤ ሸተተኝና ወዳደግኩባት ጎረቤላ፣ ወደዚያ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተመለስኩ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። አክስቴ ገና ሳምንት ያልሞላትን እህቴን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ጭንቅላቷን በመዳፏ እየጫነች፣ ቅቤ በነካው ጣቷ አፍንጫዋን ትስባለች።

«የእኔን ለምን አልሳባችሁትም?» አልኩ፣ ጎራዳ አፍንጫዬን ይዤ።

«አንቺማ እዚህ ቤት ስትገቢ ጥርስ አብቅለሽ ነበር። አጥንት ከጠና ማን ይስባል?» ብላ ሳቀች።

አራሷ እናቴ ከአልጋዋ ቀና አለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ሥራሽን ሥሪ» አለቻት።

የእናቴን፣ የእህቴንና የእኔን አፍንጫ ሳስተያይ ዋልኩ። እናቴን እውነቱን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። በማግስቱ ጠዋት ግን አፍንጫዬን ቅቤ ቀብቼ አልጋዋ አጠገብ ቆምኩ።

«እማዬ፣ የእኔንም ሳቢልኝ።»

እስኪቀላ ድረስ ሳበችልኝ፤ ዓይን ዓይኔን ግን አላየችኝም።