ከተፍኪ የመጣሁት ስጦታ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግዬ በክብር ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሰበታ ፍርድ ቤት ያቆመኝ የአጎቴ ልጆች ክስ ነበር፤ አሳዳጊ አባቴ ኦቦ ቶላ የተዉልኝን ቤትና መሬት ከደማቸው ያልተወለደ ሊወርሰው አይገባም ብለው ተከራከሩ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ከፍርድ ቤቱ ግቢ ጀርባ የዘበኛው ቤት ይመረግ ነበርና፣ የራሰ የጤፍ ጭድ ሽታ በመስኮት ገብቶ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

እናቴ እኔን ወልዳ ስላረፈች፣ ልጅ ያልነበራቸው ኦቦ ቶላና ባለቤታቸው ከተፍኪ አምጥተው፣ በሽማግሌ አስመርቀው፣ በጉዲፈቻ የራሳቸው ልጅ አድርገውኛል። አባቴ ማለዳ ዳዊት ሲደግሙ፣ ልጆች የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸው ከሚነገርበት ቦታ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር፤ ታናሽ ወንድማቸው ደበሌም ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ይስቅ ነበር። በፊቱ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ግን ማዕረጉን ነፍጌዋለሁ።

በክረምት ከብቶቹን ቡቃያችን ላይ ለቅቆ፣ ወራሽ የሌለው መሬት ምን ጠባቂ አለው ይል ነበር። በፋሲካ ልጆቹን በየተራ ሲያጎርስ፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ እጁን ወደ ራሱ አፍ ይመልስ ነበር።

መስከረም ሲጠባ፣ ዝናብ ያጠበውን ግድግዳ ለመምረግ ጭቃውን ከጭድ ጋር የሚረግጡት የቤቱ ወንዶች ልጆች ነበሩ። አንድ ዓመት የደበሌ ልጆች ሊረግጡ መጥተው፣ እኔም ሱሪዬን ሰብስቤ ልገባ ስል፣ ደበሌ ክንዴን ይዞ ወደ ዳር ገፋኝና ጎረቤት እየሰማ አባቴን ጠየቃቸው።

«ልጅ ስጦታ ነው ትላለህ፤ ያንተን ስጦታ ተፍኪ ገበያ ነው ያገኘኸው?»

ልጆቹ ሳቁ። አባቴ ጫማቸውን አውልቀው ጭቃው መሀል ገቡ።

«ሙሴ ከወንዝ ነው የተነሣው፣ አስቴርም ያደገችው በዘመድ ቤት ነው። ሰጪው በየት በር እንደሚሰጥ አንተን አላማከረም። ኮቱ፣ ና ልጄ፣ እርገጥ።»

እጄን ይዘው አስገቡኝና፣ ጭቃው እስኪቦካ አብረን ረገጥን። ደበሌ ልጆቹን ሰብስቦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ደጃችን አልደረሰም።

ዛሬ ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ቡቃያው የነበረበትን ዳርቻም የፋብሪካ አጥር ከቦታል። ያ ሳቅ ግን አልተለወጠም፤ የደበሌ ልጆች በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ይዘውት አለፉ፤ ሰላም አላሉኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም፣ ይቅርም አላልኳቸው። ያን ዕለት ከጭቃው ዳር ቆመው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ያዩትንና የሰሙትን መሰከሩ፤ ችሎቱም ክሱን ውድቅ አድርጎ፣ የኦቦ ቶላ ልጅና ወራሽ መሆኔን በሰኔ ሚካኤል ማግስት ወሰነ።