የመይሙና እጅ

አራጌን የቆቦ ሰው ኩሩ ይለው ነበር። ሰላም ሲሉት አይመልስም፣ ከኋላው ሲጠሩት አይዞርም። «የመንግሥት መጋዝ ቢይዝ ሰው ናቀ» እያሉ ገበያ ላይ ያሙታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የአራጌስ ከባዳም የባሰ ነበር። ሰውየው ኩራትም ንቀትም የለበትም፤ አይሰማም እንጂ።

ጆሮውን የበላው ያው እንጀራ የሚያበላው መጋዝ ነው። በጉርምስናው አንድ የጣውላ ነጋዴ ዘንድ ተቀጥሮ ትልቁን የሞተር መጋዝ ከያዘ ጀምሮ፣ ሞተሩ ጆሮው ሥር ሲያጓራ ኖረ። መጀመሪያ የወፎች ድምፅ ጠፋበት። ቀጥሎ የሴቶችና የልጆች ድምፅ ራቀው። በመጨረሻ አዛኑም ቀረና፣ የሶላት ሰዓት መድረሱን የሚያውቀው ሰው ወደ መስጊድ ሲራመድ አይቶ ሆነ።

ይህን ከሚስቱ ከመይሙና በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እንዲታወቅም አይፈልግም። ጊዜው ሰባ ሰባት ነው፤ ዝናቡ እምቢ ብሎ የራያ ሜዳ አመድ የመሰለበት ዓመት። አራጌ ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለ ካምፕ፣ ለእርዳታ እህል መጋዘንና ለመጠለያ የሚሆን እንጨት ይቆርጣል። መሬቱ የደረቀበት፣ ሥራም የሌለው ሰው በመኪና እየተጫነ አይቶት ወደማያውቀው አገር ለሰፈራ ይላካል። አራጌ መሬቱ ከደረቀ ሰንብቷል። እዚያች ቆቦ ላይ ያቆየችው መጋዟ ብቻ ናት፤ መጋዝ ደግሞ ለደንቆሮ አይሰጥም።

ለምን ቢሉ፣ ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ካርቡሬተር የሚስተካከለው በጆሮ ነው። በጎኑ ቪቴ የሚሏቸው ትንንሽ ብሎኖች አሉ፤ ካቻቢቴ አስገብተው በስሱ ሲያጠብቋቸው ቤንዚኑ ይቀንሳል፣ ሲያላሏቸው ይጨምራል። ቤንዚኑ ሲበዛ ሞተሩ ይንተባተባል፣ ጉልበት ያጣል። ሲያንሰው ደግሞ እየሰለለ እየቀጠነ ይጮሃል፤ ዝም ካሉት ፒስቶኑ ተቃጥሎ ይጣበቃል። የራያ ነገር ደግሞ ይብሳል። ዞብል ተራራ ላይ ጥድ ሲቆረጥ አየሩ ሳሳ ስለሚል ቤንዚኑን መቀነስ ያስፈልጋል። ያንኑ መጋዝ ይዘው ወደ ቆላው ሲወርዱ መልሰው ካላላሉለት ይቃጠላል። መውጣትና መውረዱ ባያልቅ፣ ማስተካከሉም አያልቅም።

«እኔ ልስማልህ» አለችው መይሙና አንድ ቀን፣ ከንፈሯን እንዲያነብ ፊቱ ቆማ። ያን መጋዝ ስንት ዓመት ሊያስተካክለው ቤት እያመጣ ግቢዋ ውስጥ ሲያስጮኸው ኖሮ የለ፤ እንደ ቤቷ ላም ታውቀዋለች። «ሲጠግብ ይንተባተባል፣ ሲርበው ይጮሃል። ይህ ምን ያቅታል?»

ከዚያ ወዲህ ምሳ አመጣች ተብሎ ካምፑ ትመጣለች። አራጌ ሞተሩን አስነስቶ ካቻቢቴውን ሲያዞር እሷ ራቅ ብላ ትቆማለች። ከጮኸ እጇን ወደ ላይ ታነሳለች፤ አላላ ማለት ነው። ከተንተባተበ ወደ ታች ታወርዳለች። ሲስተካከል መዳፏን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። ምሳውን እያቀረበችለት «ወላሂ፣ ለኔ እንዲህ ተጨንቀህ አታውቅም» ትለዋለች። እሱም ይስቃል። ከልቡ የሚስቀው ከእሷ ጋር ብቻ ነበር፤ ከሌላው ጋር የሚስቀው ሰው ሲስቅ እያየ ነው። አይ አራጌ! እንጨቱ አላደከመውም፤ የሚሰማ መስሎ መዋሉ ግን አጥንቱ ድረስ አድክሞታል።

አንድ የገበያ ቀን መጋዙን ከዞብል ይዞ ወረደ። መይሙና ቆቦ ገበያ ጨው ገዝታ በዚያው ምሳውን ልታመጣለት ነበር። ጠበቃት፤ ቀረች። የካምፑ ኃላፊ ጓድ ካሳ ደጋግሞ ሰዓቱን ያያል፣ በእጁም ወደ ግንዱ ያመለክታል። አራጌ ከዚህ በላይ ምን ብሎ ይዘግይ? ጀርባውን ለአስፋልቱ ሰጥቶ ሞተሩን አስነሳ። በጣቱ የሞተሩን ንዝረት እየዳሰሰ፣ ቪቴዋን በግምት ነካ ነካ አደረጋትና ወደ ግንዱ ሄደ። ግንዱን ሳያጋምስ መጋዙ እጁ ላይ ቀጥ አለ። የማስነሻ ገመዱን ቢስብ ንቅንቅ አልል አለው። ፒስቶኑ ተጣብቋል።

ቀና ሲል ካሳ ፊቱ ቆሟል። ያ ጥቅጥቅ ያለ ሪዙ ከንፈሩን ስለሚጋርደው፣ አራጌ ከሰው ሁሉ ይልቅ የእሱን ንግግር ይፈራል። ስለ መጋዙ የሚቆጣ መስሎት አንገቱን ደፋ። ካሳ ግን ትከሻውን ይዞ ነቀነቀው።

«ሚስትህ ናት እኮ የምልህ! ለሰፈራ ከገበያ አፍሰው ሲወስዷቸው መኪናው እዚህ ውሃ ሊጨምር ቆሞ ነበር። አራጌ፣ አራጌ ብላ ስትጣራ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ምነው ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ? ፈርተህ ነው?»

ከዚህ ሁሉ አራጌ የያዘው «ሚስትህ» የሚለውንና «መኪና» የሚለውን ነው። ወደ አስፋልቱ ዞረ። መንገዱ ባዶ ነበር።

«ድገምልኝ» አለ። «በዝግታ። አልሰማም፣ ጓድ ካሳ። ከስንት ዓመት ወዲህ አልሰማም።»

ስንት ዘመን የደበቀው ነገር እንዲህ በቀላሉ ወጣ። ካሳ ደነገጠ። ከዚያ ሪዙን በጣቱ ከፈል አድርጎ ቃል በቃል ደገመለት። «ታጣቂው ዝም አሰኛት» አለ በመጨረሻ። «ከዚያ በኋላ መኪናው እስኪሄድ እጇን እንዲህ እያደረገች ወደ ላይ ታነሳ ነበር። እየረገመችህ ነው የመሰለን።»

ካሳ እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ ደግሞም አነሳ።

አራጌ ያን እጅ አወቀው። ግንዱ ላይ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። እርግማን አልነበረም። «ጮኸብህ፣ አላላው» ነበር የምትለው። ወዴት እንደሚወስዷት ሳታውቅ፣ መኪና ላይ ተጭናም፣ እሱ እንዳይታወቅበትና እንጀራውን እንዳያጣ የእሱን ሞተር ትሰማለት ነበር።

ካሳ ክፉ ሰው አልነበረም። አጠገቡ ተቀመጠ። «ይህን የነገርከኝን እኔም አልሰማሁም» አለው። «ፒስቶን ከደሴ አስመጣለሁ። ሥራህን ያዝ፤ ማንም አይነካህም።»

«ለመጋዙ ሌላ ሰው ፈልግ» አለ አራጌ። «እኔን እሷ ወደሄደችበት ጫነኝ።»

«የትኛው ሰፈራ ላይ እንደሚያወርዷት ማን ያውቃል? ወለጋ ይሁን፣ ኢሉባቦር ይሁን፣ መተከል ይሁን?»

«እጠራታለሁ።»

ብዙዎች ሲጫኑ ያለቅሱ ነበር፤ አራጌ ግን ራሱ ተንጠላጥሎ ወጣ። መኪናው ላይ አጠገቡ የተቀመጡት ውዱ የሚባሉ የዋጃ ሽማግሌ ነበሩ። ነገሩን ሁሉ አጫወታቸው፤ ወሬ የሚሸሽ ሰው ያን ቀን አፉ ተፈታ። «አባባ፣ እኔ ስጠራት እርስዎ ይስሙልኝ» አላቸው። «አቤት ካለች እጅዎን ደረትዎ ላይ ያድርጉ።»

ከዚያ በኋላ መኪናው ሰው በተጠራቀመበት ቦታ ሁሉ ሲቆም፣ አራጌ ተነስቶ ባለ በሌለ ድምፁ «መይሙና!» እያለ ይጣራል። ሰዉ ዞር ዞር ብሎ ያየዋል። እሱ ግን የሚያየው የሽማግሌውን እጅ ነው። ውዱ አንገታቸውን አስግገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ደህና አድርገው ያዳምጣሉ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንደተቀመጠ ነው። መኪናው ይነሳል።