የክፉዋ እንጀራ እናት ተረት

ልጅ ሳለሁ ተንኮለኛ ነበርኩ፤ ተንኮሌ ደግሞ ድምፅ አልነበረውም። ሌሎች ልጆች ሲያኮርፉ ይጮሃሉ፣ ዕቃ ይሰብራሉ። እኔ ተረት አዝዝ ነበር።

እናታችን ያረፈችው ታናሽ ወንድሜ ናቲ ገና ጡት ሳይጥል ነው። ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ አባታችን ከጉኑኖ ዳመነች የምትባል ሴት አግብቶ ሶዶ ቤታችን አመጣ። እሱ የእርሻ ባለሙያ ስለነበር ሳምንቱን ቢጠና ከተማ ሰንብቶ ቅዳሜ ነው የሚመጣው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቤቱ የሦስታችን ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ናቲ አራት፣ እሷ ምናልባት ሃያ አምስት። ናቲ «እማ» ይላታል። እኔ በስሟ ነበር የምጠራት፣ ያውም ሲቸግረኝ ብቻ።

ያኔ መብራት በፈረቃ ነበርና የመጥፋት ተራችን ሲደርስ ጓሮ ማድ ቤት እንሰበሰባለን። ቦይና የምንለው ጎደሬ ድስት ውስጥ ይንተከተካል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ጭስ ዓይናችንን ያስለቅሳል፣ ኩራዟ ጥላችንን ግድግዳው ላይ ታወዛውዛለች። እኔም የእንጀራ እናት ተረት እንድትነግረን እጠይቃታለሁ። የጦጣም የጅብም ተረት እንዳላት አውቃለሁ፤ የፈለግኩት ግን ተረቱን ሳይሆን ፊቷ ሲጠቁር ማየት ነበር።

እሷ እቴ! ሻሿን ግንባሯ ላይ ጎትታ፣ ከንፈሯን አጣማ፣ ክፉዋን ሴት ሆና ቁጭ ትላለች። ሴትዮዋ ልጆቹን በወንፊት ውኃ ቅዱ ብላ ትልካለች፣ ለራሷ ልጅ ቅቤውን ለእነሱ አመዱን ታቀርባለች። «ከዚህ የባሰች የለችም?» እላታለሁ።

«አለ እንጂ! ገና መች ክፋቱን ጀመረ!» ትልና ሴቱን ሁሉ ወንድ በሚያደርገው አማርኛዋ ትቀጥላለች።

ናቲ ይንቀጠቀጥና ጉያዋ ይገባል። ክፉዋን ሴት ፈርቶ የሚሸሸው ወደ እንጀራ እናቱ መሆኑ ያስቀኝ ነበር፤ ደግ ሳቅ አልነበረም።

አንድ ምሽት ታዲያ ከጉያዋ ቀና አለና «እማ፣ እንጀራ እናት ሶዶ አለች? እኛ ቤት ትመጣለች?» ብሎ ጠየቃት።

ማማሰያው እጇ ላይ ቆመ። ስንት ጊዜ የጠበቅኩት ፊት ያኔ መጣ፤ ግን አልወደድኩትም። የተናደደች ሴት ፊት አልነበረም፤ ልጇን ሊወስዱባት የመጡባት ሴት ፊት ነበር።

«እህትህን ጠይቅ» አለችው ቀስ ብላ። «እሷ ትልቅ ነው፣ ያውቃል።»

ናቲ ዞሮ አየኝ። ጣቴን ወደ እሷ ብቀስር ይበቃ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ እዚያ ጉያ አይገባም። ዳመነች አልለመነችኝም፣ አልተቆጣችኝም፤ ብቻ ጠበቀችኝ።

«አትመጣም» አልኩት። «ያለችው ተረት ውስጥ ብቻ ነው።»

«እውነት?»

«እውነት።»

ምስጋና አልነበረም። ቦይናውን አወጣች፣ ላጠች፣ በላን። ከዚያ ወዲያ ግን ያቺን ተረት አዝዤ አላውቅም።

ከሰማኋቸው ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል፤ ጦጣዋ ጅቡን እንዴት እንዳሞኘችው እንኳ ሲጠይቁኝ እየፈጠርኩ ነው የምናገረው። ሰው ግን ሌላውን ክፉ አድርጎ ለማየት ምን ያህል እንደሚደክም ያወቅኩት ከራሴ ነው። ያን ምሽት ጣቴን ቀስሬ ቢሆን ናቲ እናቱን ሁለት ጊዜ ያጣ ነበር። እኔም ሁለት ጊዜ አጣ እንደነበር የገባኝ ግን በጣም ዘግይቼ ነው።