የመጀመሪያው ኩባያ

የመጨረሻው ቀን እንደ ሌላው ቀን ነበር። እትዬ የምላት ታላቅ እህቴ ማዮ በሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን በር ላይ የፍየሎቿን ወተት አፍልታ ልትሸጥ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ኩባያ ሁልጊዜ ራሷ ትጠጣ ነበር። «እኔ ያልቀመስኩትን ለሰው አልሰጥም» ትላለች። የምንኖረው በዚያ ወተት ነበር፤ የከብት በሽታ ገባ ከተባለ ወዲህ ግን ገዢ ሸሸ።

«አንቺማ ሁሌም ትጠጫለሽ። ወንድምሽ ይጠጣና ወላሂ እንገዛለን» አለች አንዷ ጎረቤት።

እትዬ ኩባያውን ሰጠችኝ። ፈራሁ። «ጠግቤያለሁ» አልኩ፤ ከትናንት ጀምሮ ግን እህል አልቀመስኩም ነበር። ጎረቤቶቹ ሳቁና ባዶ ዕቃቸውን ይዘው ሄዱ። እትዬ አልተቆጣችኝም።

የቆየ የልብ ሕመሟ በዚያው ሌሊት ወሰዳት። በማግስቱ ጠዋት ፍየሎቹን አልቤ ወተቱን አፈላሁና ለቀብር በመጡት ጎረቤቶች ፊት የመጀመሪያውን ኩባያ ጠጣሁ። ጠጣ ያለኝ ሰው አልነበረም።